ለገና ጨዋታ ትጥቅ ማዘጋጀትና የተመታን ተጫዋች ወደ ሜዳ መመለስ፦ ከበረዶ ሆኪ ለወሎ ሜዳዎች

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያ፣ በላሊበላና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሁለት ሰፈር ወጣቶችን ለገና ጨዋታ ለሚያጋጥሙ አስተባባሪዎች፣ ለስፖርት መምህራንና ለወላጆች ነው። ገና በቆልማማ ዱላ ሩር እየመቱ የሚጫወቱት በመሆኑ ከዘመናዊ ስፖርቶች ሁሉ የሚቀርበው ለሆኪ ነው፤ ከሆኪ ዓይነቶች ደግሞ ስለ ጉዳትና ስለ መከላከያ ትጥቅ ብዙ ዋጋ ከፍሎ የተማረው በበረዶ ላይ የሚካሄደው ነው። ወሎ ውስጥ ለዚህ ጨዋታ የሚሆን የበረዶ ሜዳ የለም፤ ዱላ፣ ጠንካራ ሩርና የሚጋጩ ወጣቶች ግን አሉ፤ ጉዳት የሚያደርሱትም እነዚሁ ናቸው።

በቤት ውስጥ ሜዳ የተካሄደው የመጀመሪያው የተደራጀ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1875 በካናዳዋ ሞንትሪያል የተደረገው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ትጥቅ አብዛኛው አደጋን ተከትሎ የመጣ ነው። የሞንትሪያል ካናዲያንስ ግብ ጠባቂ ዣክ ፕላንት እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1959 በኒው ዮርክ ፊቱን በፓክ (በበረዶ ሆኪ እንደ ሩር በሚመታው የላስቲክ ዝርግ) ተመትቶ ከተሰፋ በኋላ ጭንብል ካላጠለቅሁ አልገባም ብሎ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ የግብ ጠባቂ ጭንብል የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚኒሶታ ኖርዝ ስታርስ ተጫዋች ቢል ማስተርተን በጥር 1968 ያለ ሄልሜት ሲጫወት ወድቆ ጭንቅላቱን ከበረዶው ጋር በመመታቱ በሁለተኛው ቀን ሕይወቱ አለፈ። ይህም ሆኖ የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ሄልሜትን ለአዲስ ገቢ ተጫዋቾች ግዴታ ያደረገው በ1979 ነበር፤ ነባሮቹ ምርጫ ስለተሰጣቸው ያለ ሄልሜት የተጫወተው የመጨረሻው ሰው ጡረታ የወጣው በ1997 ነው። በጥቅምት 2023 ደግሞ አዳም ጆንሰን የተባለ ተጫዋች በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ አንገቱን በመንሸራተቻ ጫማ ስለት ተቆርጦ ሞተ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በውድድሮቹ የአንገት መከላከያን ግዴታ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ክፍል አለው። ትጥቅ ቆዳን፣ አጥንትን፣ ዓይንንና ጥርስን ያድናል። ይሁን እንጂ ሄልሜት የራስ ቅል እንዳይሰበር ቢከላከልም፣ አንጎል በራስ ቅሉ ውስጥ እንዳይናወጥ ማድረግ አይችልም፤ ምርጥ ሄልሜት ያደረጉ የሆኪ ተጫዋቾችም የአንጎል መናወጥ ይደርስባቸዋል። ስለዚህ ትጥቅ አሟልቶ ተጫዋቹን በዐይን የማይከታተል አስተባባሪ ሥራውን በግማሽ እንደሠራ ይቆጠራል።

አንደኛ፦ ከትጥቅ በፊት ሩሩንና ዱላውን መቆጣጠር

የበረዶ ሆኪ ፓክ ከጠንካራ ላስቲክ የሚሠራ፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም የሆነ ድቡልቡል ዝርግ ነገር ሲሆን፣ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፉታል። የእኛ ሩር ይህን ያህል አይፈጥንም፤ ነገር ግን ከእንጨት ወይም ከሥር ተጠርቦ የሚሠራው ሩር የሚነሳው ከድንጋያማ መሬት ላይ በመሆኑ አቅጣጫውን አስቀድሞ መገመት ያስቸግራል። ስለሆነም ለልምምድና ለታዳጊዎች ጨዋታ ከጨርቅና ከጠፍር ተጠቅልሎ የሚሰፋውን ሩር ብቻ መጠቀም፣ የእንጨቱን ለአዋቂዎች መተው ያስፈልጋል። ሩሩ በባለ ሱቅ ሚዛን ተመዝኖ ከፓኩ የከበደ ከሆነ አይግባ።

ዱላው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ሲዘጋጅ ቁልምሙ ላይ ስንጥቅና ሹል ጫፍ እንዳይኖረው ይላጋል፤ መያዣው ጫፍም በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከኋላ ያለን ሰው ሆዱን ወይም ፊቱን የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ይኸው የላይኛው ጫፍ ነውና። ሜዳው ከግጥሚያው በፊት በነበረው ቀን በእግር ይዳሰሳል፤ ድንጋይ ይለቀማል፤ ጉድጓድ ይደፈናል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የዱላ ከፍታ ሕግ ነው። በበረዶ ሆኪ ከትከሻ በላይ በወጣ ዱላ ተጋጣሚውን የመታ ተጫዋች ለ2 ደቂቃ፣ ካደማው ደግሞ ለ4 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቡድኑም በዚያ ጊዜ ሰው ጎድሎበት ይጫወታል። ለገና ሜዳ ድንበሩን ከትከሻ ዝቅ አድርጎ ወገብ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ምክንያቱም የእኛ ተጫዋቾች ፊት የሚሸፍን መከላከያ የላቸውም። ይህ ሕግ አንድ ብር ሳያስወጣ ከማንኛውም ሄልሜት የበለጠ ዓይንና ጥርስ ያተርፋል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው የቆየ አባባል ለጨዋታው ነፃነት መስጠቱ ደስ ይላል፤ የተመታው ሰው አቤት እንዳይል፣ ሕመሙንም ዋጥ አድርጎ እንዲቀጥል ማድረጉ ግን አስተባባሪው ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ሁለተኛ፦ ራስ

እውነተኛ የሆኪ ሄልሜት በውጭ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በውስጥ ደግሞ ተደጋጋሚ ምትን እንዲችል የተሠራ ስፖንጅ አለው። በውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ማስላክ ከፈለገ በመጀመሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ከቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሎ የጭንቅላቱን ዙሪያ ይለካ፤ ቁጥሩንም በሴንቲ ሜትር ይላክ። «መካከለኛ» ወይም «ትልቅ» ብሎ መላክ አይበቃም። ያገለገለ ሄልሜት ሲመጣ ስንጥቅ፣ የተነቀለ ስፖንጅ፣ የተበሳ ቀዳዳ ወይም ቀለም የተቀባበት መሆን አለመሆኑ ይታያል፤ ከኋላው የተለጠፈው የማረጋገጫ ምልክት ጊዜ ካለፈበትም ይጣላል። በአሜሪካ አሠራር ይህ ምልክት የሚያገለግለው ሄልሜቱ ከተመረተ ጀምሮ ለ6 ዓመት ተኩል ነው።

እዚሁ የሚገኙትን አማራጮች በተመለከተ፣ የብስክሌት ሄልሜት ቀላልና አየር የሚያስገባ በመሆኑ ለታዳጊዎች ይመረጣል፤ ነገር ግን የተሠራው አንድ ከባድ ምት እንዲችል ስለሆነ በብርቱ የተመታ ዕለት መጣል አለበት፤ ከውጭ ደህና መስሎ መታየቱ ማረጋገጫ አይሆንም። የሞተር ብስክሌት ሄልሜት በየከተማው ስለሚገኝ ብዙዎችን ያጓጓል። እኔ አልመክረውም። ክብደቱ አንገትን ያደክማል፤ ጎንና ጎንን ከማየትና ከመስማት ይከለክላል፤ የሌላውን ተጫዋች ፊት ቢገጭም ይሰብራል። የግንባታ ሠራተኞች ቆብ የሚከላከለው ከላይ ከሚወድቅ ዕቃ ነው፤ ሲሮጡ ይወልቃል፤ የጎን ምትም አይችልም።

አጠላለቁ ይህን ይመስላል። የሄልሜቱ የፊት ጠርዝ ከቅንድብ በላይ ከአንድ እስከ ሁለት ጣት ብቻ ርቆ ይቀመጣል፤ ግንባርን ገልጦ ወደ ኋላ የተደፋ ሄልሜት ከሌለ አይሻልም። የአገጭ ማሰሪያው ከሥሩ አንድ ጣት ብቻ እስኪያስገባ ይጠብቃል። ከዚያ ተጫዋቹ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዘውዝ ሄልሜቱ ከቆዳው ጋር አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፤ ሄልሜቱ ለብቻው ከዞረ ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ስፖንጅ ወይም ሻሽ ጠቅጥቆ ማጥበብም አይፈቀድም። ወላጆች «ያድግበታል» ብለው አስፍተው የሚገዙት ልማድ ለጫማ ይሁን እንጂ ለሄልሜት አይሆንም።

ሦስተኛ፦ ዓይንና ጥርስ

የሆኪ ታዳጊዎች ከሄልሜቱ ጋር የተያያዘ የሽቦ ፍርግርግ ያደርጋሉ፤ አዋቂዎቹ ደግሞ ግማሽ ፊት የሚሸፍን ግልጽ ፕላስቲክ ይጠቀማሉ። ይህን ፍርግርግ በብየዳ ቤት ማሠራት የሚያስቡ አሉ። የጥሩ ፍርግርግ ሥራ ምቱን በግንባርና በአገጭ ላይ ማከፋፈል ነው፤ በየአካባቢው የሚበየድ ቀጭን ሽቦ ግን ሲመታ ተቆርጦ ወደ ዓይን ሊገባ ይችላል። የተመረተ ፍርግርግ ካልተገኘ የዱላውን ከፍታ ሕግ አጥብቆ ማስከበር ይመረጣል። መነጽር የሚያደርግ ተጫዋች የመስታወት መነጽሩን አውልቆ ይግባ፤ ያለ መነጽር የማያይ ከሆነ ደግሞ አይጫወት።

ዓይኑ የተመታ ሰው ዓይኑን አይሸው፤ አይጫነው፤ በውስጡ የተሰካ ነገር ካለ ማንም አይንቀለው። ዓይኑን ሳይነኩ ከላዩ በንጹሕ ነገር ሸፍኖ በፍጥነት ወደ ሐኪም መውሰድ ነው፤ ለደሴና ለአካባቢዋ የዓይን ሕክምና የሚሰጠው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው።

ለጥርስ፣ በሞቀ ውኃ ለስልሶ በጥርስ ቅርጽ የሚታተመው የአፍ መከላከያ በትልልቅ ከተሞች የስፖርት ዕቃ መደብሮች ሊገኝ ይችላል፤ በትክክል ከታተመ አፍ ከፍተው ሲናገሩ አይወድቅም። ጥርሱ ከነሥሩ የወለቀበት ተጫዋች ቢኖር ጥርሱ የቋሚ ጥርስ እስከሆነ ድረስ የሚያዝበት መንገድ ዕድሉን ይወስነዋል፦ በአክሊሉ በኩል ብቻ ይያዛል፤ ሥሩ አይነካም፤ አፈር ካለበት ሳይፈተግ በጥቂት ንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፤ ከተቻለ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ይጨመራል። ወተት በገና ቀን ከየትኛውም ቤት አይጠፋም። ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ጥርስ ሐኪም መድረስ ያስፈልጋል። የወተት ጥርስ ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

አራተኛ፦ ቀሪው አካል

ቅልጥም በገና ጨዋታ በብዛት የሚመታ ቦታ ነው። የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካልሲ ውስጥ የሚከቱት የቅልጥም መከላከያ ይበቃል፤ ከጉልበት በታች ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚት አጠገብ መድረስ አለበት። መግዛት ለማይችሉ፣ በወፍራም ስፖንጅ ላይ በቁመቱ የተሰነጠቀ ሸምበቆ ተደርድሮ በጨርቅ ቢሰፋ ይሠራል፤ የጥንቶቹ የሆኪ ግብ ጠባቂዎችም የክሪኬት ተጫዋቾችን የእግር መከላከያ ተውሰው ነበር የጀመሩት። ለእጅ የጣት መገጣጠሚያ ላይ ድራቢ ያለው ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ለወንዶች ደግሞ የብልት መከላከያ ይመከራል። የአንገት መከላከያ ለገና አያስፈልግም፤ በሆኪ የመጣው ለጫማ ስለት እንጂ ለዱላ አይደለም።

አምስተኛ፦ ተመልካች መሾም

የሰሜን አሜሪካው ሊግ ጨዋታውን በስክሪን እየተከታተሉ የአንጎል መናወጥ ምልክት ያለበትን ተጫዋች ብቻ የሚፈልጉ ሰዎች መድቧል፤ እነሱ ምልክት ሲያዩ ተጫዋቹ፣ አሠልጣኙ ቢቃወምም እንኳ፣ ለምርመራ ይወጣል። የገና ግጥሚያም እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው ዳኛም የቡድን መሪም መሆን የለበትም፤ ሩሩን ሳይሆን የተመታውን ሰው የሚያይ፣ ከሁለቱም ሰፈር የሚከበርና «ውጣ» ሲል የማይከራከሩት ሽማግሌ ወይም የጤና ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል። ሥልጣኑ ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ቡድኖች ፊት ይነገር። በጨዋታው መካከል የሚነገር ሥልጣን አድሎ መስሎ ይታያል።

ተመልካቹ የሚፈልገው፦ ከተመታ በኋላ ለመነሳት የዘገየ፣ ራሱን በሁለት እጁ የያዘ፣ ሲነሳ የተንገዳገደ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ የሮጠ ወይም ባዶ መሬት ላይ የቆመ ተጫዋች ነው። ራሱን መሳት ለአንጎል መናወጥ ግዴታ አይደለም፤ አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም።

ስድስተኛ፦ ማውጣትና መጠየቅ

የወጣው ተጫዋች ከጩኸትና ከከበሮ ራቅ ወዳለ ጥላ ይወሰዳል። ከዚያ ይጠየቃል፦ ያለነው የት ሜዳ ነው? አሁን ሩሩን ያገባው የትኛው ቡድን ነው? ባለፈው የተጋጠማችሁት ከየትኛው ሰፈር ጋር ነው? ማን አሸነፈ? አንዱን እንኳ ከሳተ፣ ወይም ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መፍራት ወይም «ጭጋግ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል» የሚል ስሜት ካለው የዚያን ዕለት አይመለስም። ሁሉንም በትክክል መልሶ ተመልካቹ ግን ሲንገዳገድ ካየው አሁንም አይመለስም። ጥርጣሬ ካለ ውሳኔው መቀመጥ ነው።

ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚወሰደው፦ አንገቱን የሚያመው፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው፣ እጅ ወይም እግሩ የሚደነዝዝ ወይም የሚዝል፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን የሳተ፣ የሚያስመልሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ወይም ያለ ጠባዩ የሚቆጣና የሚረበሽ ሰው ነው። አንገቱን የሚያመው ከሆነ እጁን ጎትቶ ማስነሳት፣ አዝሎ መሮጥና ሄልሜቱን መንቀል ክልክል ነው፤ መተንፈስ ካልተቸገረ በስተቀር የባለሙያ እርዳታ እስኪደርስ እንዳለ ይቆያል። ፊት ላይ ውኃ መድፋትም ሆነ አረቄ ማሽተት አይጠቅምም። የቅርቡ ሆስፒታልና የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር ከበዓሉ በፊት ተጽፎ በተመልካቹ ኪስ መቀመጥ አለበት፤ በበዓል ቀን መኪና ማግኘት አስቸጋሪ ነውና።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

በዚህ ወቅት የወሎ ገና የራሱ ችግር አለው። ከ43 ቀን ጾም በኋላ የሚመጣ ፍስክ በመሆኑ ጠላው፣ ጠጁና አረቄው በየቤቱ ይቀርባል። ለተመታ ሰው ግን መጠጥ ሁለት ጉዳት አለው፦ አንጎል እንዳያገግም ያደርጋል፤ ከዚህም በላይ መንገዳገድ፣ ማስመለስና መደንዘዝ የመጠጡ ነው ተብሎ አደገኛው ምልክት ይሸፈናል። ጫትም እንቅልፍ ስለሚነሳ ይቅር። ተጫዋቹ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለብቻው አይተው፤ ሌሊቱንም የሚያየው ሰው አብሮት ይደር። መተኛት አይከለከልም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ የደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን በመጀመሪያው ቀን አይወሰዱም። ባጃጅ ወይም ሞተር የሚነዳ ከሆነ ሐኪም እስኪፈቅድለት አይንዳ።

ጨለማ ክፍል ዘግቶ ለሳምንት መተኛት የድሮ ምክር ነው። አሁን የሚመከረው ለ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ ዕረፍት ማድረግ፣ ስልክና ቴሌቪዥን መቀነስ፣ ምልክቱን የማያባብስ የቤት ውስጥ እንቅስቃሴና የእግር ጉዞ መቀጠል ነው። የእህል ውቂያ የሚካሄድበት ወቅት ከሆነ ግን ሸክምና ውቂያ ቤተሰቡ ይሸፍንለት።

ስምንተኛ፦ ወደ ሜዳ መመለስ

እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስተርዳም የተሰበሰቡ የዘርፉ ባለሙያዎች ያጸደቁት አካሄድ ስድስት ደረጃ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ቢያንስ 24 ሰዓት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከላይ የተባለው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ነው። ሁለተኛው ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ሲሆን በመጀመሪያ ከከፍተኛው የልብ ምት 55 በመቶ፣ ቀጥሎ እስከ 70 በመቶ በሚደርስ ጉልበት ይሠራል። የልብ ምት መለኪያ ለሌለው፣ እየተራመደ ያለ ችግር መናገር መቻሉ በቂ ምልክት ነው። እዚህ ላይ የቦታው አቀማመጥ ይታሰብበት፤ ደሴ ውስጥ ወደ ጦሳ የሚያወጣ ቀላል የሚመስል የእግር መንገድ ልብን ከታሰበው በላይ ስለሚያስመታ መጀመሪያ ሜዳማውን መንገድ መምረጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ለብቻ ዱላና ሩር ይዞ መሮጥና አቅጣጫ መቀያየር ነው፤ ማንም በአጠገብ አይኑር።

በእነዚህ ሦስት ደረጃዎች ምልክቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቢመለስ ችግር የለውም። ተጫዋቹ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይገምት፤ ከጀመረበት ከ2 ነጥብ በላይ ከጨመረ የዚያን ቀን ያቁም፤ በማግሥቱ ይሞክር።

አራተኛው ከጓደኞች ጋር ያለ ግጭት ሩር መቀባበል፣ አምስተኛው ሙሉ ልምምድ፣ ስድስተኛው ግጥሚያ ነው። ወደ አራተኛው የሚሻገረው ምልክቱ ሁሉ የጠፋለት ብቻ ነው፤ ግጭት ወዳለበት አምስተኛው ደረጃ ከመግባቱ በፊት ደግሞ የሐኪም ፈቃድ ያስፈልጋል። ምልክቱ ከተመለሰበት ወደ ሦስተኛው ይወርዳል። ተማሪ ከሆነ ትምህርቱን ያለ ችግር ሙሉ ቀን መከታተል ሳይችል ወደ ሙሉ ጨዋታ አይግባ።

ይህ ሁሉ ሲደመር ቀላሉ ጉዳት እንኳ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙዎች እስከ አንድ ወር ድረስ ያስፈልጋቸዋል፤ ታዳጊዎች ከአዋቂዎች ሊዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ ታኅሣሥ 29 የተመታ ልጅ 12 ቀን ብቻ በሚቀረው የጥምቀት ሰሞን ግጥሚያ ይሰለፋል ብሎ ቡድን ማዋቀር አይገባም፤ ተተኪው ከወዲሁ ይዘጋጅ። ከአንድ ወር በኋላም ራስ ምታቱ፣ የእንቅልፍ ችግሩ ወይም ንዴቱ ካልለቀቀው እንደገና ሐኪም ይየው።

የእያንዳንዱ የተመታ ተጫዋች ስም፣ የተመታበት ቀን፣ የታየበት ምልክትና የደረሰበት ደረጃ በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ ደብተሩም ከቡድኑ መሪ ዘንድ ሳይሆን ከተመልካቹ ዘንድ ይቀመጥ። በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ የተመታ ልጅ የሚታወቀው በዚህ ደብተር ነው፤ እንዲህ ያለው ተጫዋች ለዚያ ዓመት ገና ዱላውን አስቀምጦ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።